ከድምሩ የጎደለች ሴት

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ቤቴ ድረስ መጣች። እዚሁ ጭሮ ነው የምታስተምረው። ተማሪዎቿ «ባህል፣ ቋንቋና ሃይማኖት» የሚለውን ምዕራፍ ሊጀምሩ ስለሆነ ክፍል ገብቼ አንድ ክፍለ ጊዜ እንድናገርላት ፈልጋ ነው።

«እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፣ እትዬ ጸዳለ» አለች። «እርስዎ ከሚኤሶ እስከ በደሳ በእግርዎ ዞረውታል። ለልጆቹ ከራሳቸው አገር ምሳሌ ቢሰጡልኝ።»

«ምን ዓይነት ምሳሌ?»

«ተስፋ የሚሰጥ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። ሦስት ቀን አነበብኩት። ደህና መጽሐፍ ነው። ባህል ሰዎች ከወላጆቻቸው ተምረው ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉት አኗኗር ነው ይላል። ቋንቋ የዚያ አኗኗር ተሸካሚ ነው ይላል። ሃይማኖት ደግሞ በመሬት ላይ ምልክቱን ይተዋል፤ በሕንፃ፣ በመቃብር፣ በገበያ ቀን፣ በሚበላና በማይበላ ነገር። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ካርታው ይመጣል። በካርታው ላይ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ቀለም ተቀብቷል። ከመስመሩ ወዲህ አረንጓዴ፣ ከመስመሩ ወዲያ ቢጫ። ሁለት ቀለም ያለው ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

በአራተኛው ቀን መጽሐፉን መለስኩላትና አልችልም አልኳት። ለምን እንደሆነ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለም። እዚህ እጽፈዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የቀረው እንደሆነው ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሚኤሶ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግኩትም እዚያው ሐዲዱ ዳር ነው። አንድ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ረዳት ዘጋቢ ሲፈልግ፣ ኦሮምኛን እንደ አማርኛ የምትናገር፣ መጻፍም የምትችል ተብዬ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ በላይነህ ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በዚያ ሁሉ የሚኤሶ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አንድ መንደር ሲደርሱ ደብተር አያወጡም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። የሚሰጧቸውን ይጠጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ሆጃ ነበር፣ በወተት የተፈላ የቡና ቅጠል። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? የት ትገበያያላችሁ? የት ትቀብራላችሁ? መልሱን በአንድ ወረቀት ላይ ይስሉታል፤ ጉድጓዱን በክብ፣ ገበያውን በአራት ማዕዘን፣ መቃብሩን በነጥብ። ከእያንዳንዱ ቤት ወደነዚህ ሦስቱ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ያሰምራሉ። ሲጨርሱ ወረቀቱ የሸረሪት ድር ይመስላል።

አንድ ቀን ከመንደር ስንመለስ «ሃይማኖታቸውን አልጠየቁም እኮ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጊው?»

«ለዘገባው ነዋ።»

«የት እንደሚቀብሩ ነገሩኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀብርም ገባኝ። የቀረውን ሲፈልጉ ራሳቸው ይናገሩታል። አንቺ ከጠየቅሽ ግን መልስ መፈለግ ግድ ይሆንባቸዋል።»

ያኔ የስንፍና ሰበብ መስሎኝ ነበር። እኔ ቁጥር እወዳለሁ። ጥያቄ ተጠይቆ ባዶ ሲቀር አይመቸኝም።

ሌላው ልማዳቸው ዘገባው ከመላኩ በፊት በውስጡ ስሙ ላለ ሰው ሁሉ ማንበብ ነበር። አንድ ግመል ነጂ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ እንደጠበቅን አስታውሳለሁ። ሰውየው ዘገባውን እስከ መጨረሻው ሰማና «ግመሏ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አምስት ብለሃል» አለ። ጋሽ በላይነህ እዚያው ቆመው አስተካከሉ።

«ለግመል አንድ ዓመት ዕድሜ ነው ይህን ያህል የተጠበስነው?» አልኳቸው።

«እሱ ነገ ከዚች ግመል ጋር ይኖራል። እኛ ነገ ሌላ ወሬ ላይ ነን» አሉኝ።

ሚኤሶ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት አንድ ሻይ ቤት ነበር። ከዋናው ክፍል ስለ ቋንቋ ወሰን ዝግጅት ሥሪ ስባል፣ ወሰኑ የት ላይ እንደሚያልፍ ላገኝ አንድ ቀን ሙሉ እዚያ ተቀመጥኩ። ፍየል የሚገበያዩት ሰዎች በሶማሊኛ ጀመሩ፣ ዋጋው ላይ ሲደርሱ ወደ ኦሮምኛ ዞሩ፣ ሻዩን በአማርኛ አዘዙ። አንዱ ሾፌር ሲረግም ሦስቱንም ተጠቀመ። ባለ ሻይ ቤቷ ስታየኝ ውላ በመጨረሻ መጣች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«የቋንቋ ወሰን።»

«ከጠረጴዛው ሥር ፈልጊው። እዚህ ቤት የሚጠፋ ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚገኘው» አለችኝ። ዝግጅቱ አልተሠራም።

ከሚኤሶ ወደ በደሳ ተዛወርኩ። ቡናና ጫት፣ የደራ የገበያ ቀን፣ ዝናብ ሲጥል የሚቆረጥ መንገድ። እዚያ ሳለሁ አለቆች ተፈራረቁብኝ፤ የማልረሳቸው በአንድ ነገር ነው። እኔ የዞኑን ዋና ከተማ በሁለቱም ስሟ እጽፍ ነበር፤ ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ። ሰው የሚጠራት እንዲያ ስለሆነ ነው። አንዲት ጫት ነጋዴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ከጭሮ ተነስቼ አሰበ ላይ አደርኩ» ስትል ሰምቻለሁ፤ ከተማው ውስጥ ቤት ቀይራ ማደሯ ነው። የመጀመሪያው አለቃ አንዱን ስም ሰረዘ። የተተካው ደግሞ ሌላውን ሰረዘ። ሦስተኛው ጠርቶኝ «አንዱን ምረጪና እንረፍ» አለኝ። መረጥኩ። የትኛውን እንደመረጥኩ ከዚህ ታሪክ ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ምርጫው ቀላል ሆኖ ማግኘቴ ነው። ሥራው እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ጭሮ ገባሁ፤ እዚሁም ቀረሁ።

ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ውስጥ አንድ ዕድር ነበር። አባላቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። ዳኛው ኦቦ ሙሜ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጸሐፊው አቶ ግርማ መምህር የነበሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ማኅተም የሚያምር ሰው ናቸው። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሞቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኛሉ። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኖቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ።

አስቸጋሪው ነገር ሥጋ ነው። ለአንባቢዬ የማስረዳው አይደለም፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ተዝካርም ሰደቃም ሲሆን በዚያ ሰፈር ሁለት እሳት ይነዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ጭልፋ ይቀመጣል። ቀይ ጨርቅ ጆሮው ላይ የታሰረበት ድስት የክርስቲያን ነው፤ ነጭ የታሰረበት የሙስሊም። ሰውን ሁሉ የሚያሳስበው ግን ጨርቁ አይደለም። በግርግሩ መካከል ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እንዳይገባ ማን ያያል? ሁለቱም ወገን ቃሉን የሚያምነው ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው አዴ ፋጡማ ነበሩ። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። በደሳ አጠገብ ከክርስቲያን ገበሬ ቤት ተወልደው፣ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ አግብተው ጭሮ መጡ። ባላቸው ሞቱ፤ ልጅ አልነበራቸውም። ረመዳንን ይጾማሉ። ወር በገባ በሃያ አንድ ደግሞ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አይገቡም፣ ከአጥሩ ውጭ ጫማቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሥጋ አይበሉም ነበር፤ ከየትኛውም ድስት። «ጥርሴ አይችለውም» ይላሉ። ጥርሳቸው ደህና ነበር። በሁለቱ እሳቶች መካከል ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ረጅም ማማሰያ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። የሚቅለበለብ ጎረምሳ ከመጣ በማማሰያው እጁን ነው።

ስለ መቻቻል ተከታታይ ዝግጅት ሲታቀድ ይህን ዕድር ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ኦቦ ሙሜን በልብስ ስፌት ሱቃቸው አግኝቼ የምፈልገውን ሁሉ ጠየቅኩ። በመጨረሻ «ከአባላቱ ስንቱ ሙስሊም፣ ስንቱ ክርስቲያን ነው?» አልኳቸው።

«ሁላችንም ሟች ነን» አሉና ሳቁ። «ዕድሩ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው።»

«ሬዲዮው ቁጥር ይፈልጋል፣ ኦቦ ሙሜ።»

«መዝገቡ ላይ የለማ።»

«ከስማቸው አይታወቅም?»

አቶ ግርማ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ዝርዝር ሥራ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እንደ እኔ። መዝገቡን አውጥተው በእርሳስ ከስሞቹ ጎን ጎን ፊደል ማስቀመጥ ጀመሩ፤ «መ» ለሙስሊም፣ «ክ» ለክርስቲያን። ከስሙ ያልታወቃቸውን ቤቱ ድረስ ሄደው ጠየቁ። ሳምንት ፈጀ። ኦቦ ሙሜ በኋላ እንደነገሩኝ፣ በዚያ ሳምንት ነው ሰዎች ሱቃቸው እየመጡ «እገሌ ግን ምንድን ነው? አንተ ታውቃለህ?» ማለት የጀመሩት። እስከዚያ ድረስ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ቁጥሩ መጣ። ሁለቱን ስደምር ከጠቅላላው አባላት አንድ ይጎድላል። ደጋግሜ ደመርኩት። አርታዒው ስልክ ደውሎ «ድምርሽ አይገጥምም፣ ነገ የሚተላለፍ ነው» አለኝ። የጎደለውን ለማግኘት መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ፊደል የሌለው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ አቶ ግርማ ሊጠይቁ ያልደፈሩት።

አዴ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ከየትኛው ልጻፍዎት?»

«ከየትኛው ምን?»

«ከሙስሊሙ ነው ከክርስቲያኑ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከድስቶቹ ጋር ጻፊኝ።»

«ድስት አባል አይሆንም፣ አዴ ፋጡማ።»

«እንዴት አይሆንም? ከሙሜ ይልቅ እሱ ነው ቀብር ላይ የማይቀረው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰዓት አጥሮብኛል። ደግሜ ጠየቅኩ። በሦስተኛው ሳቃቸው ቆመ።

«የፈለግሽውን ጻፊ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ስማቸው ፋጡማ ነው፣ ባላቸው ሙስሊም ነበሩ ብዬ በሙስሊሙ ደመርኳቸው። ድምሩ ገጠመ። ዘገባው ላይ «የድስቶቹ ጠባቂ ወይዘሮ ፋጡማ ሙስሊም ሲሆኑ፣ የክርስቲያኑንም ድስት በታማኝነት ይጠብቃሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። ሳላነብላቸው ላክሁት።

በተላለፈ ማግሥት ጋሽ በላይነህ ከሚኤሶ ደወሉ። ጡረታ ወጥተው ነበር።

«ሰማሁት። አንብበሽላቸው ነበር?»

«ጊዜ አልነበረኝም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «እኔ የምለው የለኝም። እሳቸው ምን አሉ?»

አላውቅም ነበር። ሄጄም አልጠየቅኩም።

ዘገባው ተወደደ። አንድ የእንግዶች ቡድን የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱን የሚቀበሉ «ከሙስሊሙ አንድ፣ ከክርስቲያኑ አንድ ተወካይ» ተጠየቀ። ኦቦ ሙሜ በዚያ ዕድር ውስጥ ለዓመታት የሁሉም ዳኛ ነበሩ፤ ያን ቀን የሙስሊሙ ተወካይ ሆነው ቆሙ። አቶ ግርማ የክርስቲያኑ ሆነው ቆሙ። ፎቶግራፍ ሲነሳ ሰዉ ከየተወካዩ ኋላ ተሰለፈ። አዴ ፋጡማ እንግዶቹ የጠጡበትን ብርጭቆ ያጥቡ ነበር።

ዕድሩን ያፈረሰው ዘገባዬ ብቻ ነው ብል ራሴን ከሚገባኝ በላይ ማተለቅ ነው። በሌላ ቦታ የሆነ ክፉ ነገር በስልክ ምስል እየሆነ ይመጣ ጀመር። ስብሰባ በምን ጸሎት ይከፈት የሚል ክርክር ተነሳ፤ ድሮ በዝምታ ነበር የሚከፈተው። የማን በግ ቀድሞ ይታረድ ተባለ። በመጨረሻ ይለይልን ሲባል ግን መለያው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ግርማ መዝገቡን አውጥተው የእርሳሱን ፊደል በእስክሪብቶ አደመቁት፤ «መ» የተባለው ወዲያ፣ «ክ» የተባለው ወዲህ። ድስቶቹ እንደ ጨርቃቸው ተከፈሉ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ።

አዴ ፋጡማ በሬዲዮው መሠረት ወደ ሙስሊሞቹ ዕድር ተመደቡ። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች የማርያም ቀን መሄዱን ይተዉ አሏቸው። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ንስሐ አባት ይያዙና ወደ እኛ ይምጡ አሏቸው። እሳቸው ለሁለቱም የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ከማን ተጣላሁና ነው የምታረቀው?» ስማቸው ከሁለቱም መዝገብ ቀረ።

ይህን ስሰማ አርታዒው ዘንድ ሄጄ ማስተካከያ እናስተላልፍ አልኩ።

«ከስንት ዓመት በኋላ?» አለኝ። «ደግሞስ ምን ብለን? ‹አንዲት ሴትዮ ምን እንደሆኑ አናውቅም› ብለን?»

አልተከራከርኩም። በሥራ ዘመኔ በፊርማዬ የወጣ፣ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ሳላስተካክል የተውኩት እሱን ብቻ ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ዓመት አዴ ፋጡማ ሞቱ። ጎረቤት ጠዋት በሩን ሲያንኳኳ መልስ ቢያጣ ገብቶ አገኛቸው። ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ግቢው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ግን በሁለት ወገን ተቀምጠዋል፤ የሙስሊሞቹ በማጀቱ በኩል፣ የክርስቲያኖቹ በበሩ በኩል። በመሃሉ ባዶ መሬት አለ። ሁሉም ያለቅሳሉ። የሚነሳ የለም።

የኦቦ ሙሜ ባለቤት ዘይነባ ውሃ አሙቃ በባልዲ ይዛ ቆማለች። ሸሁ መጥተዋል፤ ሽማግሌ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቄሱም መጥተዋል። ሁለቱም ሊጣሉ አልመጡም። ቄሱ «ንስሐ አባታቸው ማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።  አቶ ግርማ ስልክ ይዘው ወደ ጥግ ሄደው ነበር፤ በደሳ ያለ የአዴ ፋጡማ ወንድም ልጅ ዘንድ ደውለው ነው። ተመልሰው መጡ።

«ምን አለ?» አሏቸው ኦቦ ሙሜ።

«አባቱ ያኔ በሬዲዮ ሰምቶ ‹እንግዲህ ከኛ ቤት ስሟ አይነሳ› ብሎ ነበር አለ። አባትየው ሞቷል። ልጁ አያውቃቸውም። አልመጣም ነው የሚለው።»

ሸሁ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እስልምናዋን ከአፏ የሰማ አለ?»

ሁሉም ሲጾሙ አይቷቸዋል፤ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመው አይቷቸዋል። ከአፋቸው የሰማ ግን አልነበረም። ከሰፈሩ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ኦቦ ሙሜ እኔን አዩ። «ጸዳለ ጠይቃታለች» አሉ። «በሬዲዮም ተናግራለች። ሁላችንም ሰምተናል።»

ዘይነባ ባልዲውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ወደ በሩም አንድ እርምጃ ቀረበች።

ሸሁ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ከአፏ ሰምተሻል?»

ምን ብመልስ ምን እንደሚሆን ዓይኔ እያየ ነው። አዎ ካልኩ ሴቶቹ ይነሳሉ፣ አዴ ፋጡማ በጎረቤቶቻቸው እጅ ይታጠባሉ፣ ከቀትር በኋላ በክብር ይቀበራሉ። ኦቦ ሙሜ አዎ እንድል ነው የጠሩኝ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ስለ እኚህ ሴት አንድ ጊዜ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ ብያለሁ። ሁለተኛ አልልም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

«አልሰማሁም» አልኩ። «የፈለግሽውን ጻፊ ነው ያሉኝ። ድምሩ እንዲገጥም ነው የጻፍኩት።»

«ክርስቲያን ነኝስ ብለውሽ ነበር?» አሉኝ አቶ ግርማ።

«አላሉኝም።»

ዘይነባ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ኦቦ ሙሜ አጠገቤ መጥተው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው «ምነው ዛሬ እንኳ ብትዋሺ?» አሉኝ።  

ሸሁ «አላህ ያውቃታል። እኔ ግን ባላወቅሁት መመስከር አልችልም» ብለው ተነሱ። ቄሱም የእሳቸውን በሌላ ቃል ተናግረው ወጡ። አልተቀየምኳቸውም። ሁለቱም እኔ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረጉት። ከእነሱ በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። በግልጽ ማንም አልከለከላቸውም። ነገ ከወገኗ ምን እንደሚባል እያንዳንዷ ታውቃለች።

ኦቦ ሙሜ ማዘጋጃ ቤት ደውለው መኪና ይላካል ተባሉ። ከመምጣቱ በፊት አዴ ፋጡማ መታጠብ ነበረባቸው። እኔ ሬሳ አጥቤ አላውቅም። ባልዲውን ይዤ ገባሁ። ውሃው እየበረደ ነበር።

ከየት እንደምጀምር ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ ዘይነባ ከደጃፉ፣ ሳትገባ፣ ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ «ከቀኝ» አለችኝ። «ከቀኝ ጀምሪ። ቀስ ብለሽ። እሷ ቶሎ ይበርዳታል።» እስክጨርስ እንዲያ ነገረችኝ፤ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ከሱቅ በተገዛ አቡጀዲ ገነዝኳቸው።

የወሰዱን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በመንገድ አደጋ ሞተው ዘመድ ያልመጣላቸው መንገደኞች የሚቀበሩበት ቦታ ነው። የሄድነው ኦቦ ሙሜ፣ አቶ ግርማና እኔ ነን። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቆየን፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ። ሁለት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ሬሳውን አንስተው ቆሙ።

«ራሳቸው በየት በኩል ይሁን?» አለ አንደኛው።

በዚህ አገር ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጉድጓዱ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚቆፈረው። ፊታቸውን ወደ መካ ለማድረግ ራስ በምሥራቅ ይሆናል፤ ክርስቲያን ሲሆን ራስ በምዕራብ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ኦቦ ሙሜ ያውቁታል፣ አቶ ግርማ ያውቁታል፣ ሠራተኛውም ያውቀዋል።  ከሦስታችን አንዳችን አንድ ቃል ብንናገር መመስከር ነው፤ ምስክር ደግሞ አልነበረንም። ሠራተኛው ትንሽ ጠብቆ «በሉ ከባድ ነው» አለና መሬቱ ከፍ በሚልበት በኩል ራሳቸውን አድርጎ አወረዳቸው። በየትኛው በኩል እንደነበር አይቻለሁ። አልጽፈውም።

ወጥቶ እጁን አራገፈ። «የሚጸልይ አለ?»

ኦቦ ሙሜ አቶ ግርማን አዩ። አቶ ግርማ መሬት መሬት ያያሉ። ከንፈራቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ድምፅ አልወጣም። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ጸሎት አላቸው። የትኛውም ቢጀመር ሌላው መሄድ ነበረበት።

ሠራተኛው አካፋው ላይ ተደግፎ ጠበቀ። ደግ ሰው ነበር፤ ከሚገባው በላይ ጠበቀ። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪናዎች ወደ ሚኤሶ ይወርዳሉ።

«እንግዲህ እንሙላው?» አለ ወደ እኔ ዞሮ።

«ሙሉት» አልኩ።